ጃፓን እንደምን አረጀች?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ለዛሬ ምሽት ንግግሬ የመረጥሁት አርእስት የአንድ ሕዝብ ቁጥርና ዕድሜ በጤና፣ በእርጅናና በስደት ምክንያት እንደምን እንደሚለዋወጥ የሚመለከት ነው። ይህ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የቁጥር ሊቃውንትና የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሥራ ብቻ መስሎ ይታያል። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን ከእያንዳንዳችን ቤት ይገባል፤ ከደመወዛችን በየወሩ ከሚቀነሰው የጡረታ ገንዘብ፣ ከአረጁት ወላጆቻችን ጤና፣ ባሕር ተሻግሮ ከሄደው ልጃችን ናፍቆት ጋር የተሳሰረ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ ጆሮአችሁን እንድትሰጡኝ እለምናችኋለሁ።

የሕዝብ ነገር በደፈናው ቢነገር አይጨበጥም። ስለሆነም አንድ አገር በምሳሌነት ልውሰድ፤ ይህችውም ጃፓን ናት። ጃፓን ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመልእክተኛነት ወደዚያ ሄደው ሲመለሱ ያዩትን ሁሉ ጽፈው በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል ስም አሳተሙ። ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። የእነዚያ ታላላቅ ሰዎች ጥያቄ አንድ የእስያ ሕዝብ ነጻነቱን ሳያስነካ የምዕራቡን ጥበብ እንደምን ገንዘቡ አደረገ የሚል ነበር። ጥያቄው በጊዜው ተገቢ ነበር። የዛሬ ትውልድ ግን ሌላ ጥያቄ ሊጨምርበት ይገባዋል፤ ይኸውም ጃፓን እንደምን አረጀች የሚለው ነው።

ነገሩ እንዳይደበላለቅ አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። የጃፓንን ታሪክ ስናገር ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ስናገር ግን በእኛው አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

አንድ ሕዝብ እንደ አንድ ቤት ነው ብንል ሦስት በሮች አሉት። በመጀመሪያው በር የሚወለዱት ይገባሉ። በሁለተኛው በር የሚሞቱት ይወጣሉ። በሦስተኛው በር ደግሞ መጻተኛው ይገባል፤ የአገሩም ተወላጅ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከእነዚህ ከሦስቱ በቀር የሰው ቁጥር የሚጨምርበትም ሆነ የሚቀንስበት ሌላ መንገድ የለም። የአንድ መንግሥት የትምህርት፣ የጤናና የጡረታ ዕቅድ ሁሉ የሚቆመው እነዚህን ሦስት በሮች ነቅቶ በመጠበቅ ላይ ነው።

እንግዲህ ከሞት በር እንጀምር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ በ1947 በጃፓን አንድ ሕፃን ሲወለድ በአማካይ ይኖራል ተብሎ የሚገመተው ዘመን ለወንዱ 50፣ ለሴቷ 54 ዓመት ያህል ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ከማናቸውም በሽታ ይበልጥ ሕዝቡን ይፈጅ የነበረው የሳንባ ነቀርሳ ነው። መንግሥቱ በምርመራ፣ በክትባትና በአዲሶቹ መድኃኒቶች ይህን በሽታ አሸነፈው። ሳንባ ነቀርሳ ሲሸሽ ግን ሌላው ጠላት ብቅ አለ። ከ1951 አንሥቶ እስከ 1980 ድረስ ከገዳዮች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ የቆየው ከደም ብዛት የሚመጣው የአንጎል ደም ሥር በሽታ ነበር። ሐኪሞች ምክንያቱን ሲመረምሩ ከታላላቆቹ ምክንያቶች አንዱን በእያንዳንዱ ቤት ማዕድ ላይ አገኙት፤ ይኸውም ጨው ነው። በብርዳማው ተራራማ አገር የሚኖረው ገበሬ ለክረምት ስንቅ እንዲሆነው አትክልቱን በጨው ይዘፈዝፍ ነበር። ከአኩሪ አተር የሚሠራውና ሚሶ የሚባለው ማጣፈጫም ጨው የበዛበት ነው።

በዚህ ረገድ ናጋኖ የተባለው አውራጃ ታሪክ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ናጋኖ በዚህ በሽታ ከሚጎዱት አውራጃዎች አንዱ ነበር። ለዚህ ችግር መድኃኒት ይሆናል ተብሎ የተደረገው ታላቅ ሆስፒታል መሥራት ብቻ አልነበረም። በጎ ፈቃደኞች የሆኑ ሴቶች በየመንደሩ ተሠማርተው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በሾርባው ውስጥ ያለውን ጨው ለኩ፤ ባለቤቲቱንም እንድትቀንስ መከሩ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ናጋኖ በጃፓን ውስጥ ሰው ረዥም ዕድሜ ከሚኖርባቸው አውራጃዎች በግንባር ቀደምትነት ተቆጠረ። በዚህ ላይ በ1961 ሕዝቡ ሁሉ ያለ ልዩነት በጤና መድን ውስጥ ገባ። ድኃውም ባለጸጋውም ሳይፈራ ሐኪም ዘንድ ለመቅረብ ቻለ። ከዚህ የተነሣ በ2023 የጃፓን ወንድ አማካይ ዕድሜ 81፣ የሴቷ 87 ዓመት ደርሷል።

አንድ ትንሽ ታሪክ ይህን ሁሉ በአጭሩ ያስረዳል። በ1963 የጃፓን መንግሥት ዕድሜያቸው 100 ዓመት ለሞላ አረጋውያን የብር ጽዋ መሸለም ጀመረ። በዚያ ዓመት በአገሩ ሁሉ የተገኙት ባለመቶዎች 153 ብቻ ነበሩ። በ2024 ግን ቁጥራቸው ከ95 ሺህ በላይ ሆነ። የሽልማቱ ወጪ እየከበደ ስለሄደ ጽዋው በ2009 መጠኑ አነሰ፤ በ2016 ደግሞ ንጹሕ ብር መሆኑ ቀርቶ በብር የተለበጠ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ረዥም ዕድሜ የእግዚአብሔር ጸጋ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ጸጋም ቢሆን ሲበዛ በጀት የሚጠይቅ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ቀጥሎ ወደ ልደት በር እንሂድ። ጦርነቱ እንዳበቃ ወታደሮች ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ከ1947 እስከ 1949 ባሉት ሦስት ዓመታትም በየዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን 7 መቶ ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ተወለዱ። በዚያ ጊዜ አንዲት ጃፓናዊት በዕድሜዋ በአማካይ ከ4 በላይ ልጆች ትወልድ ነበር። አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ይህ ቁጥር ወደ 2 ወረደ። አገሩ በጦርነት ፈርሷል፤ እህል ጠቧል፤ ቤተሰቡ ጥቂት ወልዶ በደንብ ማሳደግን መረጠ፤ ሕጉም በ1948 ለወሊድ መቆጣጠር መንገድ ከፈተ።

እዚህ ላይ ለማመን የሚያስቸግር ነገር ልንገራችሁ። በጃፓን የዘመን አቆጣጠር በየ60 ዓመቱ የሚመጣ «የእሳት ፈረስ» የሚባል ዓመት አለ። በዚያ ዓመት የተወለደች ሴት ልጅ ባልዋን ታጠፋለች የሚል የቆየ ባዕድ እምነት ነበር። በ1966 ያ ዓመት ሲደርስ ወላጆች ልጅ መውለድን ፈሩ። በ1965 የተወለዱት 1 ሚሊዮን 8 መቶ ሺህ ያህል ሲሆኑ በ1966 ወደ 1 ሚሊዮን 360 ሺህ ዝቅ አሉ። ፋብሪካና ፈጣን ባቡር ባለበት አገር አንድ ተረት የአገሩን ልደት በሩብ ያህል ቀነሰው። ሆኖም ፍርሃቱ ከዓመቱ ጋር አለፈ፤ በ1967 ሕፃናቱ እንደ ገና በዙ።

ነገር ግን በ1989 አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ቁጥር 1.57 ሆኖ በተገኘ ጊዜ አገሩ ደነገጠ። ይህ ቁጥር ከዚያ ከሚፈራው ከእሳት ፈረስ ዓመትም ያነሰ ነበርና። በዚህ ጊዜ ምክንያቱ ተረት አልነበረም። ወጣቱ ከሌሊት እስከ ሌሊት በሥራ ተይዟል። ቤት መከራየት ውድ ሆኗል። የልጅ ትምህርት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። የተማረችው ሴት ከወለደች በኋላ ወደ ሥራዋ ለመመለስ ትቸገራለች። ስለዚህ ጋብቻ ዘገየ፤ ከነጭራሹም ሳያገቡ የሚቀሩ በዙ። ተረት የወለደው ፍርሃት በአንድ ዓመት ያልፋል። ኑሮ የወለደው ፍርሃት ግን ኑሮው ካልተሻሻለ በቀር አያልፍም። መንግሥቱ ለልጆች አበል ሰጠ፤ የወሊድ ፈቃድ አራዘመ፤ መዋያ ቤቶችን አበዛ። በ2024 ቁጥሩ 1.15 ደረሰ። በቶኪዮ ከተማማ ከ1 በታች ሆኗል። በዚያው ዓመት በአገሩ ሁሉ የተወለዱት 686 ሺህ፣ የሞቱት ግን 1 ሚሊዮን 6 መቶ ሺህ ያህል ናቸው። አንድ ሕዝብ ራሱን ሳይቀንስ ለመተካት አንዲት እናት በአማካይ 2.1 ልጆች መውለድ እንደሚያስፈልጋት ብናስታውስ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ይታወቀናል።

እንግዲህ ሁለቱን በሮች አንድ ላይ እንያቸው። የሞት በር ጠበበ፤ የልደትም በር ጠበበ። አረጋውያን በቤቱ ይቆያሉ፤ ሕፃናት ግን አይመጡም። በ1950 በጃፓን 65 ዓመት ለሞላው አንድ አረጋዊ በሥራ ዕድሜ ላይ የሚገኙ 12 ሰዎች ነበሩት። ዛሬ ለአንዱ አረጋዊ ያሉት 2 ብቻ ናቸው። በዐሥራ ሁለት ትከሻ ይነሣ የነበረው ሸክም በሁለት ትከሻ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ከመቶው ሰው 29ኙ 65 ዓመት ያለፈው ነው። ጠቅላላው ሕዝብ በ2008 ወደ 128 ሚሊዮን ደርሶ ከዚያ ወዲህ ወደ ታች ይወርዳል። በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተማሪ በማጣት ይዘጋሉ። በ2023 በተደረገው ቆጠራ ሰው የማይኖርባቸው ቤቶች 9 ሚሊዮን ሆነው ተገኙ። በ2024 አንድ ታላቅ የወረቀት ኩባንያ በአገር ውስጥ የሕፃናትን ዳይፐር መሥራት አቁሞ ለአረጋውያን በሚሆነው ላይ እንደሚያተኩር አስታወቀ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መጥቀስ አያሻም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን የነገሩ ፍጥነት ነው። በፈረንሳይ አገር ከመቶው 7 የነበሩት አረጋውያን 14 እስኪሆኑ ድረስ 115 ዓመት ፈጅቷል። በጃፓን ግን ከ1970 እስከ 1994 በ24 ዓመት ብቻ ተፈጸመ። ፈረንሳይ ቀስ ብላ አረጀች፤ ጡረታውንም ሆስፒታሉንም ለማዘጋጀት አራት ትውልድ ያህል ጊዜ አገኘች። ጃፓን ግን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ተቀጥሮ ጡረታ ከሚወጣበት ዘመን ባነሰ ጊዜ ውስጥ አረጀች። በልማት ዘግይቶ የተነሣ አገር ሁሉ የሚያረጀው ቀድሞ ከተነሣው ይልቅ በፈጠነ ርምጃ መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ።

ጃፓኖች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ2000 የአረጋውያን መንከባከቢያ መድን የተባለውን ሕግ ሥራ ላይ አዋሉ። በዚህ ሕግ መሠረት ዕድሜው 40 የሞላ ሁሉ በየጊዜው መዋጮ ይከፍላል፤ ባረጀና በደከመ ጊዜ ደግሞ የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ የሚደግፈው ሰው ይላክለታል። ከዚያ በፊት ይህ ሸክም በምራት ጫንቃ ላይ ነበር። የባልዋን እናት ለማስታመም ሥራዋን የምትተወው ምራት ብዙ ነበረች። ሕጉ ያስተማረን ነገር ቢኖር ሽማግሌን መጦር የቤተሰብ ፍቅር ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንደማይቀርና የመንግሥት ሥርዓትም ሊደግፈው እንደሚገባ ነው።

አሁን ሦስተኛውን በር፣ የመጻተኛውን በር እንመልከት። ሰው ከጎደለ ከሌላ አገር ማምጣት ነው ይባል ይሆናል። ጃፓን ግን ይህን በር ለረዥም ዘመን በጥንቃቄ ገርበብ አድርጋ ነው የያዘችው። በ1990 ሕጉ ሲሻሻል ቀድሞ ወደ ብራዚልና ወደ ፔሩ ተሰደው የነበሩት ጃፓናውያን የልጅ ልጆች ወደ አያቶቻቸው አገር መጥተው በፋብሪካ እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። በ2008 የዓለም የገንዘብ ችግር በተነሣ ጊዜ ሥራ ጠፋ። በ2009 መንግሥቱ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ በማለት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 300 ሺህ የን የመሳፈሪያ ገንዘብ ሰጠ፤ ገንዘቡን የተቀበለም በዚያው ፈቃድ ቶሎ እንዳይመለስ ተከለከለ። ወደ 20 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ሄዱ። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ያው አገር ሠራተኛ አጣሁ ብሎ እንደ ገና መፈለግ ጀመረ።

የነርሶች ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ከ2008 ጀምሮ ከኢንዶኔዥያ፣ ቀጥሎም ከፊሊፒንስ በአገራቸው የተመረቁ ነርሶች መጡ። ሕጉ ግን የጃፓንን የነርሶች ፈተና በጃፓንኛ ካላለፉ በነርስነት እንዲሠሩ አይፈቅድም ነበር። በ2010 ለፈተናው ከቀረቡት 254 የውጭ አገር ነርሶች ያለፉት 3 ብቻ ሆኑ። የአልጋ ቁስል የሚባለውን በሽታ ለመጻፍ የጃፓን ተወላጅ እንኳ በቀላሉ የማያነበው ፊደል በፈተናው ላይ ሰፍሮ ነበር። ቁስሉን ማጠብና ማከም የሚያውቁት እጆች በፊደሉ ምክንያት ሥራ ፈቱ። በኋላ መሥሪያ ቤቱ ፈተናውን አሻሻለ፤ በአስቸጋሪው ፊደል ላይ ማንበቢያ ጨመረበት። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አድማጮቼ ከዚህ የምትረዱት ነገር አለ። የአገር በር የሚዘጋው በድንበር ጠባቂ ብቻ አይደለም፤ ማንም ክፉ ሳያስብ ከአንድ ጠረጴዛ ላይ በሚወጣ ቅጽም ሊዘጋ ይችላል።

በ2019 ጃፓን ሕጓን እንደ ገና አሻሽላ ለእርሻ፣ ለግንባታና ለአረጋውያን አገልግሎት የሚሆኑ የውጭ ሠራተኞችን በሰፊው መቀበል ጀመረች። በ2024 መጨረሻ በአገሩ የሚኖሩት የውጭ ዜጎች 3 ሚሊዮን 770 ሺህ ያህል ነበሩ። ይህም ከሕዝቡ ከመቶው 3 እጅ ገደማ ነው። መጻተኛው ያረጀውን አገር ሙሉ በሙሉ ወጣት ሊያደርገው አይችልም፤ እርሱም በተራው ያረጃልና። ነገር ግን ጊዜ ይሰጣል። ደግሞም የእጅ ሥራ ብቻ ሆኖ አይመጣም፤ ልጅ፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋና ተስፋ ይዞ ይመጣል። እጁን ብቻ ፈልጎ ሰውነቱን የረሳ አገር ሁለቱንም ያጣል።

ክቡራትና ክቡራን፤ እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሰው አገር ነው። «ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? የእኛ ችግር የሕፃን ማነስ አይደለም» የሚል ሰው እንደሚኖር ዐውቃለሁ። አነጋገሩ ግማሽ እውነት አለው። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ቆጠራ ሕዝባችን 42 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. ከ53 ሚሊዮን በላይ፣ በ1999 ዓ.ም. ወደ 74 ሚሊዮን ተጠጋ። በዚያ በሦስተኛው ቆጠራ ከመቶው 45ቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ነበሩ። እንግዲህ ጃፓን ሽማግሌ ከሆነች ኢትዮጵያ ልጅ ናት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሌላውን ግማሽ እውነት አንርሳ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከሚወለዱት 1 ሺህ ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ይህ ቁጥር 67 ሆኗል። ለዚህም ክትባቱና ንጹሕ ውኃው፣ በየቀበሌው ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩት ከ30 ሺህ የሚበልጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ድርሻ አላቸው። የእነዚህ ሴቶች ሥራና ቀደም ብዬ የጠቀስኋቸው የናጋኖ ሴቶች ሥራ ተመሳሳይ ነው። የሞት በር በእኛም አገር መጥበብ ጀምሯል። የልደቱስ? በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 4.6 ልጆች ትወልዳለች፤ በገጠር 5.2፣ በሶማሌ ክልል 7.2። በአዲስ አበባ ግን 1.8 ብቻ ነው። ይህም ራስን ለመተካት ከሚያስፈልገው በታች ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገውም ጥናት ከ2 በታች ነበር።

እንግዲህ በአዲስ አበባ የምትኖሩ አድማጮቼ፤ የጃፓን ነገር ከደጃችሁ የራቀ አይደለም። በቶኪዮ ጋብቻን ያዘገየው የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ወጪና የሥራ ነገር በእኛም ከተማ ጋብቻን ያዘገያል። ከተማይቱ የምታድገው ከሌላ ስፍራ በሚመጣው ሰው ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ በሌላ ስፍራ የተወለደ ነበር። አባታችሁ ስምንት ልጆች ወልደው ይሆናል፤ ባረጁም ጊዜ ከስምንቱ አንዱ ወይም ሁለቱ አላጧቸውም። እናንተ ሁለት ወልዳችኋል። ከሁለቱ አንዱ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ቢሄድ በእርጅናችሁ ጊዜ ማን በር ይከፍትላችኋል? «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል፤ ሽማግሌ ግን በዕድሉ አይጦርም። ገንዘብ ከባሕር ማዶ ይላካል፤ የታመመውን አገላብጦ የሚያስተኛ እጅ ግን አይላክም።

ስለዚህ ጊዜው ሳያልፍ ልናስብባቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ ቁጥር ነው። ያልተቆጠረ ሕዝብ ሊታቀድለት አይችልም። ከ1999 ዓ.ም. በኋላ ሊደረግ የታሰበው አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. እንዲተላለፍ ተደርጓል። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍችና የሞት ምዝገባ በሕግ ታውጆ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ተጀመረ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። ዕድሜው ያልተመዘገበ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ በግምት ይገባል፤ ሲቀጠር በግምት ይቀጠራል፤ ጡረታ ሲወጣም በክርክር ይወጣል። በመዝገብ ቤት የምትሠሩ ሁሉ ይህን ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ልጃችሁን አስመዝግቡ፤ ለማስመዝገብ የሚመጣውንም ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» አትበሉት።

ሁለተኛው ጡረታና ጤና ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ ቁጥር 46 የወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ነው። ጃፓን ሕዝቧን ሁሉ በጤና መድን ያስገባችውም በዚያው ዓመት ነው። የመውጫው ዕድሜ ቀድሞ 55 ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. 60 ሆነ። ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፣ መንግሥት ደግሞ 11 ያዋጣል። ይህ ገንዘብ በሣጥን የተቀመጠ ዝም ያለ ገንዘብ አይደለም፤ ዛሬ በወጣትነታችን ዘመን በጥንቃቄ ካልለማ ብዙዎቻችን በአንድ ጊዜ ባረጀን ዕለት አይበቃም። የጤና መድንም እንደዚሁ ነው። የሠራተኞች ማኅበራዊ የጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ሥራ ላይ ሳይውል ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። መዋጮ ሲባል ሁላችንም ፊታችንን እናዞራለን፤ ሕመም ሲመጣ ግን ዘመድ እንዲያዋጣልን እንለምናለን። እድርን የፈጠረ ሕዝብ የመድንን ምሥጢር አያውቅም ቢባል ማን ያምናል? ለሞታችን አስቀድመን የምናዋጣ ሰዎች ለእርጅናችን ማዋጣት ሊከብደን አይገባም። የደም ብዛታችንንም ሳንታመም እናስለካ፤ በወጡ ላይ የሚነሰነሰውን ጨው መቀነስ ከማናቸውም መድኃኒት ይረክሳል።

ሦስተኛው የወጣቱ ነገር ነው። ጃፓን ብዙ ወጣት በነበራት ዘመን ወጣቶችዋን አስተማረች፤ ሥራ ሰጠች፤ ሀብት አከማቸች። ካረጀች በኋላ የምትጦረው በዚያ ሀብት ነው። የብዙ ወጣት ዘመን ለአንድ ሕዝብ የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ሲያልፍ አይመለስም። ሀብት ሳያከማች ያረጀ አገር ግን ሁለት ጊዜ ድኃ ይሆናል። ስለዚህ ለትምህርት ቤትና ለሥራ መፍጠሪያ የሚወጣውን ገንዘብ የዛሬ ወጪ ብቻ አድርገን አንቁጠረው፤ የነገ ጡረታችን ነው።

አራተኛው የመጻተኛው ነገር ነው። እኛ ሰው የምንልክም፣ ሰው የምንቀበልም ሕዝብ ነን። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በአጭር ጊዜ ተባረው ሲመለሱ ያደረባቸውን ኀዘን አይተናል። በእኛም አገር ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ 1 ሚሊዮን ገደማ ስደተኞች ተጠግተዋል። በሰው አገር ለልጆቻችን እንዲደረግላቸው የምንመኘውን ክብር በደጃችን ለቆመው እንግዳ ካልሰጠነው ምኞታችን ከንቱ ይሆናል።

ክቡራትና ክቡራን አድማጮቼ፤ አባቶቻችን ጃፓንን የተመለከቱት ከሥልጣኔዋ ለመማር ነበር። እኛ ደግሞ ከእርጅናዋ ብንማር አባቶቻችን የጀመሩትን ሥራ መቀጠላችን ነው። የእኛ አገር ገና ወጣት ናት፤ ጊዜም አላት። ነገር ግን ከጃፓን እንዳየነው ጊዜው ረዥም አይደለም፤ ዛሬ በመሥሪያ ቤት የተቀጠረው ወጣት ጡረታ ሳይወጣ ሊፈጸም ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ነገር አስበው ነው። ሽማግሌው የሚጦርባት፣ ሕፃኑ የሚመዘገብባት፣ እንግዳው የሚከበርባት አገር እንድትሆንልን ሁላችንም በያለንበት ጠረጴዛ ድርሻችንን እንወጣ።